ጠጠር የተሸከመ በረዶ ደሴት አይደለም፦ ስለ ግሪንላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ለተጻፈው ምላሽ

ስለ ግሪንላንድ ሰሜናዊ ጫፍና ስለ “ዓለም መጨረሻዋ ደሴት” የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙ ሰው እጅ ደርሷል። ስለ ዋልታ ምድር በቋንቋችን የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይህን ያህል አንባቢ ማግኘቱ መልካም ነው። ጸሐፊውም ደክመውበታል፤ አጻጻፋቸው ይስባል። ችግሩ ከዋና ዋና ነጥቦቹ የሚበዙት ስሕተት መሆናቸው ነው። ጽሑፉ እየተጋራ በሄደ ቁጥር ስሕተቱም እንደ እውነት እየተጠቀሰ ነው፤ ስለዚህ ዝም ማለት አይገባም።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በ2021 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዴንማርክና የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ከዓለም ደሴቶች ሁሉ ለሰሜን ዋልታ የቀረበችውን ደሴት አገኙ፤ ደሴቷም ዛሬ ድረስ በዚህ ክብር ላይ ናት። ከዚያ በፊት በ1978፣ በ1996፣ በ2003 እና በ2007 ሌሎች ሰዎች በዚያው አካባቢ ትንንሽ ደሴቶች ስላገኙ፣ ከሥር አንድ የዓለት ሪፍ (ከባሕር ግርጌ የተነሣ ድብቅ ዓለት) መኖር አለበት፤ ጊዜ እየጠበቀ ብቅ ይላል፣ መልሶም ይሰምጣል። በ1978 የተገኘችው ኦዳቅ የጠፋችው የምድር ሙቀት ባሕሩን ከፍ አድርጎ ስላሰጠማት ነው። ይህች ቁራጭ መሬት ለዴንማርክ እስከ ዋልታው የሚደርስ ባሕር ታስገኛለች። ስፍራው ሰው የማይኖርበት፣ ባለቤት የሌለው ስለሆነም ስም ማውጣት የአግኚው መብት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። የ2021ዱ ቡድን በሄሊኮፕተር ሲያርፍ ኦዳቅ ላይ የቆመ መስሎት ነበር። ከተመለሱ በኋላ መለኪያው ሲመረመር ግን ቦታው ከኦዳቅ 800 ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። የረገጡት 60 ሜትር በ30 ሜትር የሚሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍ ያለ የጭቃና የጠጠር ጉብታ ነው። የቡድኑ መሪ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው ሞርተን ራሽ ያኔውኑ፣ ጉብታው ማዕበል ከባሕሩ ግርጌ ገፍቶ ያወጣው ክምር ሊሆን እንደሚችልና ዕድሜውም አጭር ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። የተጋራው ጽሑፍ ይህን ማስጠንቀቂያ ዘሎታል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ታሪኩን 2021 ላይ ማቆሙ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2022፣ የስዊዘርላንድና የዴንማርክ ተመራማሪዎች ወደዚያው አካባቢ ተመለሱ። ከነሱ መካከል በዴንማርክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የምድር ልኬት ባለሙያ የሆኑት ሬኔ ፎርስበርግ ነበሩ። ከአየር ላይ በሌዘር ከፍታ ለኩ፣ በጂፒኤስ ቦታ ወሰዱ። ወሳኙ ሥራ ግን በየ“ደሴቶቹ” አጠገብ የባሕሩን ጥልቀት መለካታቸው ነበር። ያገኙት ጥልቀት ከ26 እስከ 47 ሜትር ነው። መደምደሚያቸውም ግልጽ ነበር፦ ከ1978 ጀምሮ “ደሴት” ተብለው የተመዘገቡት እነዚህ ጉብታዎች ጠጠርና አፈር የተሸከሙ፣ ዝርግ አይስበርጎች (ከግግር በረዶ ተሰብረው ባሕር የገቡ ግዙፍ የበረዶ ቁራጮች) ናቸው። በሰሜን ጫፍ የቀረችው እውነተኛ ደሴት ካፌክሉበን፣ በግሪንላንድ ስሟ ኢኑይት ቄቄርታት ናት።

አንድ የጥልቀት ቁጥር ይህን ያህል የሚወስነው ለምንድን ነው? ሒሳቡን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል። የግግር በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ 917 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የባሕር ውኃ 1025። ስለዚህ የሚንሳፈፍ በረዶ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ውኃ ውስጥ ይደብቃል። ጫፉ ዝርግ የሆነ በረዶ ከውኃው 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከታየ፣ ጠቅላላ ውፍረቱ 28 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 25 ሜትር ተኩሉ ከውኃ በታች ነው። በላዩ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ቢጫንበት ክብደቱ ይገፋዋል፤ ያንኑ 3 ሜትር ከፍታ ይዞ እንዲቆም ከውኃ በታች ወደ 30 ሜትር ግድም መውረድ አለበት። አሁን እነዚህን ቁጥሮች በስፍራው ከተለካው ጥልቀት ጎን አስቀምጧቸው። በ26 ወይም በ30 ሜትር ጥልቀት ላይ እንዲህ ያለ በረዶ ግርጌውን ይነካል፣ ይተከላል፣ ዓመታት ይቆያል። በዙሪያው ያለው የባሕር በረዶ ደግሞ አቅፎ ይይዘዋል።

አሁን ተቃራኒውን አሳብ እንፈትን። ጉብታው ከባሕሩ ግርጌ የተነሣ የጠጠር ክምር ነው እንበል። ልቅ ጠጠር ሲከመር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ካዘነበለ በላይ አይቆምም፤ ይንሸራተታል። ላዩ 30 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ፣ 26 ሜትር ከውኃ በታችና 3 ሜትር ከውኃ በላይ ቢሆን፣ ግርጌው ቢያንስ 113 ሜትር ያህል መስፋት ይኖርበታል። ስለዚህ ከዳሩ አሥርና ሃያ ሜትር ርቆ የሚለካ ሰው ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ተዳፋት ማግኘት ነበረበት። እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዳር የጠጠር ክምር ጠባይ አይደለም፤ የበረዶ ጠባይ ነው። ማዕበል ከግርጌ ገፍቶ አወጣው የሚለውም ግምት እዚህ ላይ ይደክማል፦ ዓመቱን ሙሉ በሚባል ደረጃ በበረዶ የተከደነ ባሕር ከ26 ሜትር ጥልቀት ጠጠር አንሥቶ የሚቆልል ማዕበል ከየት ያመጣል?

በሁለተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው አንድ ትክክል ነገር ይዘዋል፤ ሊመሰገኑም ይገባል። “ሪፍ” የሚለው ቃል የግድ ኮራል ማለት እንዳልሆነ አስረድተዋል። ለመርከበኛ ሪፍ ማለት ከባሕሩ ግርጌ ተነሥቶ ውኃው ፊት ላይ ወይም ለፊቱ ጥቂት ቀርቶት የሚቆም፣ የመርከብ ሆድ ሊቀድ የሚችል ዓለት ወይም ጠጠር ነው፤ በዋልታ ባሕርም አለ። ሆኖም ሪፍ ለመባል ከግርጌው ጋር አንድ አካል መሆን አለበት። ግርጌው ላይ የተቀመጠ በረዶ ሪፍ አይሆንም፤ ጣና ላይ ነፋስ የሚገፋው የእምቦጭ ምንጣፍ ወፍ ስላረፈበት ደቅ ደሴት እንደማይሆን ሁሉ።

“ብዙ ሰው በብዙ ዓመት በአንድ ስፍራ አይቷል” የሚለው ክርክር ግን የቦታ ቁጥሮቹን ሲያዩት ይፈርሳል። ኦዳቅ በ1978 የተመዘገበችው በ83 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ከ32 ሴኮንድ ገደማ ሰሜን ኬክሮስ ነው። በ2003 በዴኒስ ሽሚት የተመራው ጉዞ ያገኘው ጉብታ ደግሞ በ83 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ነው፤ 35 ሜትር በ15 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር። ልዩነቱ 93 ሴኮንድ ነው፤ በምድር ላይ 2.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሪፍ በ25 ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሄድም። የ1978ቱ ልኬትም ግምት አልነበረም፤ የሠሩት የዴንማርክ የምድር ልኬት ተቋም ባለሙያዎች ናቸው፣ ኦዳቅንም ያዩት ካፌክሉበንን ሊለኩ ሄደው ከእሷ 1360 ሜትር ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ የሦስት ኪሎ ሜትሩ ልዩነት በመለኪያ ስሕተት አይሸፈንም። የተለያዩ ነገሮች በተለያየ ጊዜ ታይተዋል፤ አንድ አካባቢ መሰብሰባቸውም አያስገርምም፣ ምክንያቱም አይስበርግ የሚተከለው ጥልቀቱ ከእግሩ ጋር በሚገጥምበት ስፍራ ነው።

እዚህ ላይ በጽሑፉ ውስጥ ያለ አንድ የቁጥር ስሕተት መነሣት አለበት፤ ካርታ ላይ ለሚፈልግ አንባቢ ትልቅ ጥፋት ነውና። የ2003ቱ ጉብታ “83-42” ተብሎ ይጠራል። ይህ ማለት 83 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ነው። ጸሐፊው “83.42 ዲግሪ” ብለው ጽፈውታል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 83.42 ዲግሪ 83 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይህን ቁጥር ካርታ ላይ ያስገባ ሰው 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ከባሕሩ ወጥቶም የግሪንላንድ ተራሮች ላይ ያርፋል። 42 ደቂቃን በነጥብ መጻፍ የፈለገ 83.70 ማለት አለበት። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ በዚህ ኬክሮስ የኬክሮስ አንድ ደቂቃ 1.86 ኪሎ ሜትር ሲሆን የኬንትሮስ አንድ ደቂቃ 205 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በኬንትሮስ በኩል አሥር ደቂቃ መሳሳት ሁለት ኪሎ ሜትር ያስታል፤ በኬክሮስ በኩል ያው አሥር ደቂቃ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ርቀት ሲያሰላ ይስታል።

ጸሐፊው በ2003 በጉብታው ላይ ላይክን (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ሕይወት ያለው ሽፋን) መታየቱን ለቋሚነት ማስረጃ አድርገውታል። ላይክን ዝግ ብሎ የሚያድግ መሆኑ እውነት ነው፤ ዕድሜ ያለው ድንጋይ መኖሩንም ያሳያል። የድንጋዩ ዕድሜና የቦታው ዕድሜ ግን ለየቅል ናቸው። ግግር በረዶ ከተራራ ሲወርድ ድንጋይና አፈር አንሥቶ ይሸከማል፤ ሲሰበርም ሸክሙን ይዞ ባሕር ይገባል። በአርክቲክ ውቅያኖስ ለአሥርት ዓመታት ሲንሳፈፍ የኖረው፣ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ከ1952 ጀምሮ ሰፍረው ያጠኑበት ቲ-3 የተባለው የበረዶ ደሴት በላዩ ድንጋይ ነበረው። ድንጋይ ስላለበት ቲ-3ን መሬት ያለው የለም።

ኦዳቅ የጠፋችው ባሕሩ ከፍ ስላለ ነው የሚለው ሦስተኛ ነጥብ ረጅም መልስ አይፈልግም። የዓለም ባሕር ጠለል ከ1978 ወዲህ በአማካይ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ከፍታ ጨምሯል። ይህ ሜትሮች ከፍ ያለን ነገር አያሰጥምም። በግሪንላንድ ዳርቻ ደግሞ ነገሩ ወደ ተቃራኒው ያደላል፦ የበረዶው ክብደት ሲቀንስ ምድሪቱ ቀና ትላለች፣ ግግሩ ባሕሩን ወደ ራሱ የሚስብበት ኃይልም ይደክማል፤ ስለዚህ በዚያ ዳርቻ የባሕሩ ጠለል ከምድሪቱ አንጻር ወደ መውረድ ያዘነብላል። ሙቀት መጨመር ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ በዚህ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። የባሕሩ በረዶ ሲሳሳ የታቀፈው አይስበርግ ይለቀቃል፣ ከሥርም ይቀልጣል፣ ይሰበራል። “ደሴቷ ሰጠመች” ከማለት “በረዶው ተነቅሎ ሄደ ወይም ቀለጠ” ማለት ለሆነው ነገር ይቀርባል። የዚህ ዓይነት ታሪክ በሩሲያ በኩልም አለ፦ በላፕቴቭ ባሕር የነበሩት ቫሲሊየቭስኪና ሴምዮኖቭስኪ ደሴቶች በብዛት ከዘላለም በረዶ (በመሬት ውስጥ ሳይቀልጥ ከኖረ በረዶና አፈር) የተሠሩ ስለነበሩ ዳራቸው እየተበላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጨርሰው ጠፍተዋል። እነዚያ በካርታ ላይ ስም የነበራቸው፣ ከኦዳቅ ጋር የማይነጻጸር ስፋት ያላቸው ስፍራዎች ነበሩ።

ስለ ባሕር ይዞታ የተነገረው ከሁሉ ይልቅ ተጋንኗል። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 121 ደሴትን ሲተረጉም፣ በተፈጥሮ የተገኘ፣ በውኃ የተከበበ፣ በባሕር ሙላት ጊዜ ከውኃ በላይ የሚታይ መሬት ይላል። አይስበርግ “መሬት” በሚለው ቃል ላይ ይወድቃል። ዓለት ቢሆን እንኳ፣ በዚያው አንቀጽ ንኡስ ቁጥር 3 መሠረት ሰው ሊኖርበት ወይም የራሱ ኢኮኖሚ ሊኖረው የማይችል ዓለት የ200 ኖቲካል ማይል ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠናም ሆነ አህጉራዊ መደብ (ከዳርቻው ቀጥሎ ባለው የባሕር ግርጌ ላይ ያለ መብት) አያስገኝም። ጸሐፊው ይህን ቁጥር 3 አልጠቀሱትም፤ ክርክራቸው የሚፈርሰውም በእሱ ነው።

ሁሉን ብንቀበልላቸውና 83-42ን እንደ ሙሉ ደሴት ብንቆጥር ምን ይገኛል? ከካፌክሉበን ጫፍ ወደ ሰሜን 4.3 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ እስከ ዋልታው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ዴንማርክ ከግሪንላንድ ጋር በታኅሣሥ 2014 ከግሪንላንድ ሰሜን 895 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚሆን የባሕር ግርጌ ጥያቄ ማቅረቧ እውነት ነው፤ ጸሐፊውን ያሳሳተውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ያ ጥያቄ የቆመው ግን በዚያው ስምምነት አንቀጽ 76 ላይ ነው፤ መከራከሪያው በአርክቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የሎሞኖሶቭ ሸንተረር የግሪንላንድ አህጉራዊ ጠርዝ ተፈጥሯዊ ቅጥያ ነው የሚል የሥነ ምድር ማስረጃ ነው። የጠጠር ጉብታዎቹ እዚያ ውስጥ ሚና የላቸውም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ ጽሑፉ በጣም የቸኮለው እዚህ ነው። “ባለቤት የሌለው” የሚለው መነሻ ከ1933 ጀምሮ አይሠራም። በዚያ ዓመት ሚያዝያ የዓለም አቀፍ ፍትሕ ቋሚ ፍርድ ቤት ዴንማርክና ኖርዌይ በምሥራቅ ግሪንላንድ ላይ ባደረጉት ክርክር ለዴንማርክ ፈርዷል፤ ኖርዌይ “ሰው የማይኖርበት ባዶ ምድር ነው” ብላ ያቀረበችውን ሙግትም ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም። ሰው አልባ ጥቃቅን ስፍራም ባለቤት አለው፦ 1.3 ካሬ ኪሎ ሜትር የማትሞላውን ታርቱፓሉክን (ሃንስ ደሴትን) ካናዳና ዴንማርክ ለአሥርት ዓመታት ተከራክረውባት በሰኔ 2022 በድንበር ተካፍለዋታል።

አግኚው ስም ማቅረብ ይችላል፤ ማጽደቅ ግን የሱ አይደለም። በግሪንላንድ የቦታ ስም የሚያጸድቀው የግሪንላንድ የቦታ ስሞች ኮሚቴ ነው፤ ኦቃሲለሪፊክ የተባለው የቋንቋ ጽሕፈት ቤትም በሥራው ውስጥ አለ። የ2021ዱ ቡድን “ቄቄርታቅ አቫናርለቅ” የሚል ስም አቀረበ፤ በግሪንላንድ ቋንቋ “የሰሜን መጨረሻዋ ደሴት” ማለት ነው። ቡድኑ ራሱ ያቀረበው እንደ አሳብ ነው፤ “ሕጋዊ ስሟ ሆነ” ያሉት ጸሐፊው ናቸው። አስቸጋሪነቱንም ልብ በሉ፦ ስሙ ሁለት ነገር ያስረግጣል፣ ደሴት መሆኑንና ከሁሉ ሰሜን መሆኑን። የ2022ቱ ልኬት ሁለቱንም አፈረሰ። “ስምን መልአክ ያወጣዋል” እንላለን፤ የካርታ ስም ግን የሚወጣው ከልኬት በኋላ መሆን እንዳለበት ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ነገሩ በእርግጥ የባሕር ሥር ሪፍ ቢሆንስ ኖሮ? ያኔ ጥያቄው ስፍራው የሚገኝበት ውኃ የማን ነው የሚል ይሆናል። በአገር የባሕር ክልል ውስጥ ከሆነ ስሙን የሚያወጣው ያው አገር ነው። አብዛኛው አካሉ ከየትኛውም አገር የባሕር ክልል ውጭ ሲሆን ብቻ ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ የባሕር ሥር ስሞች ንኡስ ኮሚቴ ይሄዳል። የተባበሩት መንግሥታት የስሞች ባለሙያዎች ቡድን ደግሞ አጻጻፍ እንዲጣጣም ይሠራል እንጂ ስም አያወጣም። ጸሐፊው ሦስቱን አንድ አድርገዋቸዋል። “በዋልታ አንድ ስፍራ ብዙ ስም ይኖረዋል” ያሉት ለአንታርክቲካ ይሠራል፤ እዚያ በ1959ኙ ውል የይዞታ ጥያቄዎች ባሉበት ስለቆሙ በርካታ አገሮች ለአንድ ዓለት የየራሳቸውን ስም አውጥተዋል። ግሪንላንድ ግን አንድ የስም ባለሥልጣን ያላት ምድር ናት።

ካፌክሉበን የሚለው ስም ታሪክ በጽሑፉ በትክክል ተነግሯል። አሜሪካዊው አሳሽ ሮበርት ፒሪ በ1900 ከሩቅ አያት፤ ዴንማርካዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ላውጌ ኮክ በ1921 ረገጣት፤ በኮፐንሃገን የማዕድን ሙዚየም በነበረው የቡና ክበብም ሰየማት። ከዋናው ምድር ጫፍ ከኬፕ ሞሪስ ጄሰፕ ይልቅ ወደ ሰሜን እንደምትዘልቅ የተረጋገጠው በ1969 በካናዳውያን ስሌት ነው። ጽሑፉ የግሪንላንድ ስሟን፣ ኢኑይት ቄቄርታትን፣ አለማንሣቱ ግን ጉድለት ነው፤ የአገሬው ስም መቅደም አለበት።

“ኦዳቅ” ማለት ደግሞ ጽሑፉ እንዳለው “የጠፋች” ማለት አይደለም። የሰው ስም ነው። ኡታቅ (ኦዳቅ የስሙ ሌላ አጻጻፍ ነው) የሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ አዳኝ ነበር፤ በ1909 ፒሪ ወደ ዋልታው ባደረገው የመጨረሻ ጉዞ ከፒሪ የጉዞ ጓድ ከማቲው ሄንሰንና ከሌሎች ሦስት የአገሩ ሰዎች ጋር አብሮ ሄዷል። ፒሪ ዋልታውን በትክክል ረግጧል ወይስ አልረገጠም የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ በዚያ በረዶ ላይ ውሾቹን እየነዱ፣ የበረዶ ቤት እየሠሩ ጉዞውን ያስቻሉት እነዚህ ሰዎች መሆናቸው ግን አያከራክርም። ኡታቅ ያረፈው በ1955 ነው። በ1978 ስሙ የተሰጠው ጉብታ በረዶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ጽሑፉ በሚታረምበት ጊዜ “የጠፋች” የሚለው ትርጉም ወጥቶ በቦታው የዚህ ሰው ስምና ሥራ ይግባ።